የፍራተሩ አባትና ሮዟ ሻማ

መቀመጫው ካልተንቀሳቀሰ በቀር ዶናቱስ አይቀመጥም። ሹፌር ነውና መሪ ላይ ሲሆን ይቀመጣል፤ ከዚያ ሲወርድ ግን እግሩ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሩ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ለቅሶ ቤት ወንበር ያደረድራል፣ ያደረደረውን ደግሞ መልሶ ያነሳል። ሠርግ ላይ ሳህኑን ይዞ እየዞረ ይበላል። ሚስቱ ብላንዲና ለጎረቤት ስታማው፣ «እኔ ያገባሁት ባል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነፋስ ነው» ትላለች። የሚያሳዝነው ነፋሱ ቤት ውስጥ መንፈሱ ነው።

ከማውሜሬ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በባሕሩ ዳርቻ ባለችው መንደራችንና በከተማው መካከል የምትመላለስ ሰማያዊ ሚኒባስ አለችው። በፊት መስታወቷ ላይ በትላልቅ ቢጫ ፊደሎች «ባፓ ፍራተር» ተብሎ ተጽፏል፤ የፍራተር አባት ማለት ነው። ፍራተር የምንለው ነጩን ቀሚስ ለብሶ ለቅስና የሚማረውን ወጣት ነው። በፍሎሬስ ደሴት ልጁ ለዚህ የበቃለት ሰው መሬት አይበቃውም። ክሌመንስ፣ የዶናቱስና የብላንዲና አንድያ ልጅ፣ ቀሚሱን በለበሰ ሰሞን አባትየው ሚኒባሷን እየነዳ ቀጥታ ጽሑፍ ጻፊ ዘንድ ወሰዳት። ጻፊው ፊደሉን ትንሽ አድርጎ ሊጀምር ሲል፣ «ከመርከብ ላይ ሆነው እንዲያነቡት ነው የምፈልገው» አለው።

ከዚያ ወዲህ ዶናቱስ ብሎ የሚጠራው የለም። ሕፃን አዋቂው «ባፓ ፍራተር፣ ቦታ አለ?» ነው የሚለው። ሚኒባሷም ስሙን ወረሰች። መንገድ ዳር የቆመ ሰው «ፍራተር አለፈ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «ፍራተርማ ጎማው ተንፍሶ ድልድዩ ጋ ቆሟል» ብሎ ይመልሳል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ በገበያ መሃል፣ «ዛሬ ፍራተር ላይ ከሁለት አሳማ ጋር ተጣብቄ መጣሁ» ብላ ስትናገር አዲስ የመጡት የውጭ አገር ካህን ሰምተው ደንግጠዋል አሉ። ዶናቱስ በዚህ ሁሉ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ትራፊኩ ሳይቀር፣ «ይለፉ ባፓ ፍራተር፣ ልጅዎ በጸሎቱ ያስበኝ» ብሎ ያሳልፈዋል። የኋላ መብራት ባይኖረውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ በቆሎ ሊዘራ ወደ ማሳው ሲሮጥ፣ ዶናቱስ ማውሜሬ መናኸሪያ ተራ ይጠብቅ ነበር። መጠበቅ እንደማይችል ታውቃላችሁ፤ በሚኒባሷ ዙሪያ እየዞረ ጎማ ይመታል። ስልኩ ጮኸ። ክሌመንስ ነበር፤ ቲሞር ደሴት ካለው የቅስና ትምህርት ቤት፣ ከሴሚናሪው።

«ባፓ፣ ወጥቻለሁ።»

«ከየት ነው የወጣኸው?»

«ከሴሚናሪው። ቀሚሱን መልሻለሁ።»

ዶናቱስ ወደ ሚኒባሷ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። «ማን ነው ያባረረህ? ስሙን ንገረኝ!»

«ማንም አላባረረኝም። ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ጥሪዬ አይደለም።»

«ታመሃል?»

«ደህና ነኝ፣ ባፓ። ለገና እመጣለሁ። ለማማ ያን ጊዜ ራሴ እነግራታለሁ።»

ዶናቱስ ቀና ሲል ቢጫዎቹን ፊደሎች አየ። ከውስጥ ሲታዩ የተገለበጡ ናቸው። ገና ማለት መንደሩ በሙሉ አንድ ደጅ ላይ የሚፈስበት ቀን ነው፤ ለሥራ ከሄደበት ከማሌዥያ የመጣው፣ ከካሊማንታን የመጣው፣ ቀሳውስቱ፣ ዘመድ አዝማዱ። በዚያ ሁሉ መሃል ልጁ በሸሚዝና በሱሪ ሲቆም ታየው።

«ለገና አትምጣ» አለ። «ገና ይለፍና ና። ሰው ሁሉ ወደየመጣበት ይመለስ። ለእናትህም ትንፍሽ እንዳትል፤ እኔ ነኝ የምነግራት።»

ክሌመንስ፣ «እሺ፣ ባፓ» አለ።

ቢከራከረው፣ ቢቆጣው፣ ቢያለቅስበት ይሻለው ነበር። ያቺ «እሺ» ግን እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቀረች። ምራቁን በዋጠ ቁጥር ያገኛታል።

እንደ ሌላው አገር ገናን በዝምታ የሚጠብቅ ሕዝብ አይደለንም። ኅዳር ሊወጣ ሲል ጎረምሶች ቀርከሃ ቆርጠው፣ ላምባ ጨምረው፣ መድፍ ይተኩሳሉ፤ ከየኮረብታው ድም! ድም! ይላል፤ ዶሮ እንቁላል መጣል ይተዋል። መርከብ በመጣ ቁጥር ወደቡ ይጨናነቃል። በሰፈራችን ደግሞ የጸሎት ማኅበር አለ። ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች ከኮኮናት ቅጠል የተጎነጎነ ክብ አክሊል ይዞ በዕጣ ወደወጡት አራት ቤቶች ይዞራል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሻማ ገዝቶ አክሊሉ ላይ ይተክላል፤ ሦስቱ ወይን ጠጅ ናቸው፣ የሦስተኛው እሑድ ግን ሮዝ። ሮዟ የደስታ ናት። ማን እንደጀመረው ባይታወቅም የኛ ማኅበር ሌላ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሻማውን የሚለኩሰው አባወራው ነው፣ ለኩሶም ያ ቤት ምን እንደሚጠብቅ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል።

በዚያ ዓመት ሮዟ ለዶናቱስ ቤት ወጣች።

ብላንዲና ዕጣው ሲነበብ እልል አለች። ለማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ለመምህር ሲልቬስተር፣ «ክሌመንስ እስከዚያ ይደርሳል፤ እሱ ራሱ ይስበክልና!» አለችው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዶናቱስም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ?

ብላንዲና በየእሑዱ በባሏ ስልክ ለልጇ ትደውላለች። ዶናቱስ ያን ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥፍሩን እየበላ፣ የማይሰማ መስሎ ይሰማል። ክሌመንስ ቃሉን ጠብቋል። «ደህና ነኝ፣ ማማ። ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። እሷ ስለ አሳማው ታወራዋለች፤ ለሱ መምጫ ብላ የምታሰባውን አሳማ፣ ጆሮው ሥር ስትኮረኩረው እንደሚያስነጥስ። እሱ ይስቃል። ዶናቱስ ያን ሳቅ ሲሰማ ወደ ውጭ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሻማ በመምህር ሲልቬስተር ቤት በራ። መምህሩ ለኩሶ፣ «ይህ ቤት አማቴ ወደ አገሯ የምትመለስበትን ቀን ይጠብቃል» አለ፤ ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው፣ አማቲቱም ከወጥ ቤት ሆና «እኔም እጠብቃለሁ!» ብላ መለሰችለት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዶናቱስ ግን በሩ ሥር ቆሞ የሻማውን መቅለጥ ያይ ነበር። ሲያበቃ መምህሩን በእጁ ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«መምህር፣ ሳምንታችንን እንቀያየር። አንተ ሮዟን ውሰድ።»

«እኔ ዛሬ አበራሁ እኮ! ምኑን ነው የምቀይርህ?»

«እንግዲያው ለአራተኛው ቤት ንገርልኝ።»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ አየው። «ሰው ሮዟን በስለት ይለምናል፣ አንተ ከሷ ትሸሻለህ? ምን ነካህ ባፓ ፍራተር?»

«አሳማው አልደለበም።»

«ያ አሳማ? ያ አሳማ እኮ ከበሩ አያልፍም!»

ዶናቱስ ሳቀ። የሳቀውም ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ነው።

ከባዱ ግን ሚኒባሷ ውስጥ ያለው ነበር። መርከብ በገባ ቀን ዶናቱስ ከወደቡ እስከ መንደሩ የሰው ልጅ ያመላልሳል። የሰው ልጅ ስል ልጆቹን ማለቴ ነው፤ የዚህን ቤት ልጅ፣ የዚያን ቤት ልጅ፣ ሻንጣ ተሸክሞ፣ የሕፃን መጫወቻ አንጠልጥሎ፣ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ የመጣውን ሁሉ። በየደጁ ሲያቆም እናቶች እየሮጡ ይወጣሉ። እሱ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ብቻ ያያል። በዚያ ሰሞን የሰፈሩን አያት፣ የኦማ ቴክላን የልጅ ልጅ ከማሌዥያ ያመጣት እሱ ነው፤ አሮጊቷ ከደስታዋ ብዛት ልጅቷን ትታ የሚኒባሷን አፍንጫ ሳመች።

«አንተስ ልጄ፣ ያንተው ፍራተር መቼ ነው?» አለችው።

«ይመጣል፣ ኦማ።»

«መቼ?»

«ገና ነዋ።»

እሷ ለገና ይመጣል ያለ መሰላት። ዶናቱስ ገና ነው፣ አልደረሰም ማለቱ ነበር፤ ወይም እንደዚያ ብሎ ራሱን አታለለ።

ለአንዱ ተሳፋሪ፣ «ሩቅ ደብር እንዲሰብክ ተመድቧል» ይላል። ለሌላው፣ «ፈተና ላይ ነው።» አንድ ጠዋት ሴቶች በጥያቄ ሲያጣድፉት፣ «ወባ ይዞታል» አለና አረፈው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ሦስቱ ውሸቶች እዚያው ሳምንት ዓሣ ገበያ ላይ ተገናኙ። ብላንዲና ቅርጫቷን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ክሌመንስ ወባ ይዞታል ይላሉ!»

«ድኗል።»

«ድኗል? መቼ ታሞ ነው የዳነው?»

«ማለቴ… አልታመመም። ሌላ ፍራተር ነው የታመመው። ስሙ ይመሳሰላል።»

ብላንዲና አየችው። ያገባችው ነፋስ ወደየት እንደሚነፍስ ታውቃለች፤ በዚያ ሰሞን ግን ከአራቱም አቅጣጫ ነበር የሚነፍሰው። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይነሳል። መድፍ በተተኮሰ ቁጥር ይደነግጣል። የታጠበች ሚኒባስ መልሶ ያጥባል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሰው፣ ንጋቱን የሚፈራ ሆነ።

ሁለተኛው ሻማ በኦማ ቴክላ ቤት ሲበራ ደግሞ ባል የላትምና ራሷ ለኮሰች። «ይህ ቤት የጠበቀው መጥቷል፤ አሁን የምጠብቀው ሞቴን ነው፤ እሱም አይቸኩል!» አለች። ከዚያም አክሊሉን ለብላንዲና አሸከመቻት፤ ተራው የነሱ ነው።

ሮዟን ሻማ መግዛት የዶናቱስ ፋንታ ሆነ፤ ከተማ የሚውለው እሱ ነዋ። ከወደቡ አጠገብ ባለው ሱቅ ገባ፤ ከሳሙናው በላይ፣ በክር ታስረው፣ ሮዝ ሻማዎች ተሰቅለዋል። ባለሱቁ ሊያወርድለት እጁን ዘረጋ። ዶናቱስ «ክብሪት ስጠኝ» አለው። ክብሪቱን ይዞ ወጣ። ሻማ ከሌለ ሥርዓቱ ይቀራል፣ ሥርዓቱ ከቀረ ንግግሩም ይቀራል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው በዚህ ዓይነት ሐሳብ መጽናናቱን ሳስብ እኔም አፍርለታለሁ።

«አልቋል» አላት ብላንዲናን። «ከተማው ውስጥ አንድም ሮዝ የለም።»

ብላንዲና ተነስታ ነጭ ሻማ ሰባብራ በሰርዲን ቆርቆሮ እሳት ላይ ጣደች። ከዚያ ከልብስ ሣጥኗ ሥር አንድ ሊፕስቲክ አወጣች። ክሌመንስ ቅስና በሚቀበልበት ቀን ልትቀባው ገዝታ፣ ክዳኑን እንኳ ሳትከፍት ያስቀመጠችው ነው። በቢላዋ ጫፍ እየፋቀች የቀለጠው ሻማ ውስጥ ጨመረችው፤ አንድም አላስቀረች። በቀርከሃ ቁራጭ ውስጥ አፍስሳ፣ ክር ተክላ፣ አቀዘቀዘችው። ሲወጣ ቀለሙ የተቀቀለ ሸርጣን፣ ሽታው የሙሽራ ቤት ሆነ።

«ሊፕስቲክሽን ለምን?» አላት ዶናቱስ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«ለቅስናው ቀን ሌላ ትገዛልኛለህ።»

ወደ ውጭ ወጣና ሚኒባሷን ለሦስተኛ ጊዜ አጠበ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ሞላ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ጎረምሶች መስኮት ላይ ተቀመጡ። ብላንዲና የሸመነችውን የክብር ሽርጥ ታጥቃለች፤ ከንፈሯ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ በሩ ይወረውራል፤ ነጭ ቀሚስ ፍለጋ። «መርከቡ ዘግይቶ ይሆናል» ይላል አንዱ። «ፍራተር ደጅ ቆሟል፣ ፍራተሩ ግን የለም» ይላል ሌላው፣ ሚኒባሷን እያየ፤ ይሳቃል። መምህር ሲልቬስተር ሰው ሁሉ እንዲደሰት የሚያዘውን የዕለቱን ንባብ አነበበ። ከዚያ ዶናቱስ ተጠራ።

ክብሪቱ ረጥቧል። የመጀመሪያው እንጨት ተሰበረ፣ ሁለተኛው ጭሶ ቀረ። «ከሚኒባሷ ቤንዚን እናምጣ?» አለ አንዱ ከመስኮት። ሦስተኛው በራ። ሻማዋ እንደ ማንኛዋም ሻማ በቀላሉ ተያያዘች፤ የሊፕስቲክ ሽታ በቤቱ ሞላ።

«እንግዲህ ባፓ ፍራተር» አለ መምህሩ፣ «ይህ ቤት ምን ይጠብቃል?»

ዶናቱስ የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር። ጤናና ሰላም፣ ጥሩ የበቆሎ ምርት፤ ማንም የማይጣላው ነገር። አፉን ከፈተ። ብላንዲና ከሁሉም ሰው በላይ አንገቷን አቅንታ ታየዋለች፤ መልሱን የምታውቀው፣ ግን ከሱ አፍ መስማት የምትፈልገው ዓይነት አተያይ። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። ያቺ «እሺ» ብቻ ጉሮሮው ላይ ቀረች።

«ይህ ቤት…» አለ። «ይህ ቤት ልጁን አይጠብቅም።»

ሰው ቀልድ መስሎት ሊስቅ ዳዳው።

«እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። ክሌመንስ ከሴሚናሪው ወጥቷል። ደውሎልኝ ነበር። ለገና ልምጣ አለኝ፣ ገና ሳያልፍ እንዳትመጣ አልኩት። ወባም የለም፣ ፈተናም የለም። ሁሉንም የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

ከኮረብታው መድፍ ጮኸ።

«መቼ?» አለች ብላንዲና።

«ዝናቡ ሲጀምር።»

«ዝናቡ ሲጀምር!» ተነሳች። «እኔ ላሳማው ቅጠል ስሸከም? በየእሑዱ ስልኩን ሰጥተኸኝ አጠገቤ ቆመህ? አሁን አንተ ሰው ነህ?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ…»

«ሰው ይኸው! ጠይቀው ምን እንደሚል!» እጇን በቤቱ ዙሪያ አዞረችው፤ ሰው ሁሉ እግሩን ማየት ጀመረ። «ከሴሚናሪ የወጣው እሱ ነው፤ ከእግዜር ጋር ይነጋገሩበት። ከቤቴ ያስወጣኸው ግን አንተ ነህ።»

መምህሩ ለማብረድ ብሎ፣ «ባፓ ፍራተር፣ እንግዲህ…» ሲል ኦማ ቴክላ በበትሯ መሬቱን መታች። «ምን እንግዲህ ትላለህ አንተ? ፍራተር የለም ሲልህ አልሰማህም? ስልኩን ስጧት!»

ብላንዲና ደወለች፤ በችኮላዋ ድምፅ ማጉያውን ነካችው፣ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

«ማማ?»

«የት ነህ?»

ከጀርባው የሞተር ድምፅና አንድ ሰው የሚጣራበት ጩኸት ይሰማል። ዶናቱስ ጩኸቱን አወቀው፤ ጠዋት ማታ የሚሰማው የማውሜሬ መናኸሪያ ቡና ሻጭ ነው።

«ክሌመንስ፣ የት ነህ? ባፓህ ነግሮኛል። ሁሉንም ነግሮኛል።»

«ማውሜሬ ነኝ፣ ማማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትንሽ ቆየሁ። መናኸሪያው ጀርባ ጎማ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ፤ እሱን እያገዝኩ ነው። ደህና ነኝ። ፍራተርን በየቀኑ አያታለሁ።»

ሰው ሁሉ ለጊዜው ግራ ገባው፤ ከዚያ ሚኒባሷን ማለቱ እንደሆነ ገባቸው።

«ታያታለህ እንዴ?»

«ስትገባ እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ስትወጣ እወጣለሁ። ባፓ እንዳያዩኝ ብዬ ነው። ከገና በኋላ ስላሉኝ።»

መስኮት ላይ ካሉት ጎረምሶች አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ዶናቱስ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሟል። ስንት ጊዜ በዚያ መናኸሪያ ጎማ እየመታ ዞሯል! ልጁ ከቆርቆሮው ጀርባ ሆኖ የሱን ጎማ መምታት ሲሰማ ኖሯል። እንደዚያን ሰዓት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

«አንተ!» አለችው ኦማ ቴክላ። «ዕድሜህን ሙሉ በማይፈለግበት ስትሮጥ ኖረህ፣ ዛሬ ነው መቆም ያማረህ? ሂድ እንጂ!»

«ማኅበሩስ? ምግቡስ?»

«ለመጠበቅ አይደል እንዴ የተሰበሰብነው? እንጠብቃለን። አሳማውም ይጠብቃል፤ እሱ እንዲያውም ደስ ይለዋል።»

ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ብላንዲና ቀድማው ገብታለች። ጫማ እንኳ አላደረገችም።

ኮረኮንቹን በዝናብ ውስጥ ነዱ። በየመንደሩ ደጅ ላይ የገና መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰዎች ሚኒባሷን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ያነሳሉ፣ እሷ ሳትቆም ታልፋለች። ብላንዲና ድልድዩን ሲሻገሩ፣ «ምን ነበር ያልከው? ቃል ሳታጎድል ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። ቃል አላጎደለም።

«እሱስ ምን አለ?»

«እሺ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እሺ፣ ባፓ አለ።»

ያን ጊዜ ነው ብላንዲና ያለቀሰችው። «እሺ አለ!» እያለች በመዳፏ የሚኒባሷን በር ትመታለች። «እሺ አለ! ያሳደግኩት ልጅ እሺ አለ!» ዶናቱስ ነዳጁን ረገጠ። ፈራ። እስከዚያች ቀን ድረስ የፈራው ልጁ እንዳይመጣ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ሳይደርሱበት ቢሄድ፣ ሚኒባሷን ሲሰማ እንደ ለመደው ቢደበቅ እያለ ፈራ።

መናኸሪያው በእሑድ ምሽት ባዶ ነው። ቡና ሻጩ ፔርሙዞቹን እየሰበሰበ ነበር። ከጎማ ጠጋኙ ቆርቆሮ ሥር አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል፤ በነጠላ ጫማ፣ በዘይት የተበከለ ሸሚዝ፣ ፀጉሩ አድጎ ጆሮውን ሸፍኖታል። ሚኒባሷ ስትገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ቆመ፣ አልገባም።

ብላንዲና ሚኒባሷ ሳትቆም ወረደች። ልጇን መጀመሪያ ትከሻው ላይ መታችው፣ ቀጥላ አቀፈችው፣ ቀጥላ ፀጉሩን ይዛ፣ «ይህን ማን ይቆርጥልሃል? ምን በላህ? ዘይት ጠጣህ?» ማለት ጀመረች። ክሌመንስ ጎንበስ ብሎ በትከሻዋ ላይ ሆኖ አባቱን ያያል።

ዶናቱስ ወርዶ በፊተኛው በር አጠገብ ቆመ። ልጁ እናቱን በእጁ እንደያዘ መጥቶ ፊቱ ቆመ። የአባቱን እጅ ወስዶ በግንባሩ አስነካ፣ እንደ ወጉ።

«ባፓ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ነቀፌታ የለም፣ ያሳሰበው ይመስላል። «ከገና በኋላ ና ብለውኝ አልነበር? ገና እኮ ገና ነው።»

በኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ቃሉ የለንም ሳይሆን፣ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ ምላስ ላይ ይያያዛል። ዶናቱስ ሞከረ። አልሆነለትም። ዘወር ብሎ የፊተኛውን በር በሰፊው ከፈተ። ከዚያ ባዶውን መናኸሪያ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች፣ ቡና ሻጩንና ዝናቡን እያየ፣ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ በየቀኑ ሲጣራበት በኖረው ድምፅ ጮኸ።

«ሞልቷል! ሞልቷል! አንድ ሰው የቀረው!» አለ፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!»